«ቤታችሁን አትሽጡ» የተባሉት የኦሃዮ ሰዎች

ቀኑ ሰኞ ነው፤ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1977። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ያንግስታውን በምትባል የብረት ከተማ፣ ያንግስታውን ሺት ኤንድ ቲዩብ የተባለው ኩባንያ አጭር መግለጫ አወጣ። ካምቤል ዎርክስ የሚባለውን ትልቁን ፋብሪካውን ሊዘጋ ነው። ወደ 5,000 ሰው ከሥራ ሊሰናበት ነው። የአካባቢው ሰው ያንን ቀን እስከ ዛሬ «ጥቁር ሰኞ» ነው የሚለው።

ሰሞኑን ስልካችሁ ላይ ስለ ታሪፍ፣ ስለ ቻይና፣ ስለ «ፋብሪካዎቻችን ሊመለሱ ነው» የሚያወሩ ቪዲዮዎች ሳይገጥሟችሁ አልቀሩም። አብዛኞቹ ከአንድ ደቂቃ አይበልጡም። ነገሩ ግን ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንዲቷን ከተማ ይዞ ከመጀመሪያው መከተል ይሻላል።

ኦሃዮን በኮሎምበስ የምታውቋት ብዙ ናችሁ፤ እዚያ ዘመድ ወይም ጓደኛ ያለው አይጠፋም። ያንግስታውን ከኮሎምበስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ፔንስልቬንያ ድንበር አጠገብ ናት። ማሆኒንግ የሚባል ወንዝ ያልፍባታል። በወንዙ ዳር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የብረት ፋብሪካ ከፋብሪካ ተያይዞ ተሠርቶ ነበር። በ1930 የከተማዋ ሕዝብ 170 ሺህ ደርሶ ነበር።

ሕይወቱ እንዲህ ነው። አባት ፋብሪካ ይሠራል። ልጅ ሀይስኩል ይጨርስና አባቱ አለቃውን ያናግርለታል፣ እሱም ይገባል። ዲግሪ የሚጠይቅ የለም። ሥራው ይከብዳል፣ ሙቀቱ አያድርስ ነው፣ እጅና እግር የሚያጣም አለ። ግን የሠራተኛ ማኅበሩ ተደራድሮ ያስገኘው ደመወዝ ቤት ያስገዛል፣ ልጅ ያስተምራል፤ ሕክምናና ጡረታም አለው። «ወይ ዕድል!» የምትሉ ትኖራላችሁ። ዕድሉ ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም። ጥቁር ሠራተኞች ለብዙ ዓመታት የሚመደቡት በጣም ሞቃቱና ቆሻሻው ክፍል ነበር፤ ወደተሻለ ቦታ ማደግም ዝግ ነበር። ዘጠኝ ትልልቅ የብረት ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበሩ ይህንን ለማረም ከመንግሥት ጋር ስምምነት የፈረሙት በ1974 ነው። በሩ ከተከፈተ ከሦስት ዓመት በኋላ የያንግስታውኑ ፋብሪካ ተዘጋ። ዘግይቶ የደረሰ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ እዚህ ላይ ይታያል።

ሠራተኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በዚያው ሳምንት በአውቶቡስ ተጭነው፣ ከ100 ሺህ በላይ ፊርማ ይዘው ዋሽንግተን ገቡ። ከውጭ የሚገባው ብረት ይገደብልን ነበር ጥያቄው። ጆሮ የሚሰጥ አላገኙም። ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ግን ለጊዜው ደፋር ነበር። የካቶሊክና የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት፣ ፓስተሮችና የአይሁድ ራባይ ተሰባሰቡና «ፋብሪካውን እኛው እንግዛው» አሉ። ሠራተኛውና ከተማው ባለቤት ይሆናሉ ማለት ነው። ሰዉ ቃል ኪዳኑን ለማሳየት በየባንኩ «ሸለቋችንን እናድን» የሚል የቁጠባ ሒሳብ ከፈተ። ለቀብር የተዋጣ እድር ስንት ጊዜ አይተናል፤ ፋብሪካ ከሞት ለማስነሳት የተዋጣ እድር ግን ይኼ ነው። ዕቅዱ የፌዴራል መንግሥት የብድር ዋስትና ያስፈልገው ነበር። በ1979 የካርተር አስተዳደር አልሰጥም አለ። እዚያ ላይ ቆመ።

በዚያው ዓመት ደግሞ ዩ ኤስ ስቲል የተባለው ግዙፍ ኩባንያ የያንግስታውን ፋብሪካዎቹን ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ። ሌላ 3,500 ሰው ማለት ነው። በጃንዋሪ 1980 ሠራተኞቹ የኩባንያውን የከተማዋን ቢሮ ሰብረው ገብተው ያዙት። ጎን ለጎንም ክስ መሠረቱ። ከክርክራቸው አንዱን ዛሬም ብዙ የሕግ ተማሪ ያጠናዋል። ያሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ ይህች ከተማ ለዚህ ኩባንያ ብላ መንገዷን፣ ወንዟን፣ ልጆቿን ሰጥታለች፤ ይህን ሁሉ ዘመን አብሮ የኖረ ሰው በንብረቱ ላይ ምንም መብት የለውም ወይ? ዳኛ ቶማስ ላምብሮስ ሐሳቡን ራሳቸው በችሎት አንስተውት ነበር፤ ሲፈርዱ ግን እንዲህ ያለ መብት በሕጉ ውስጥ አላገኘሁም አሉ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ሐዘኑን ገልጾ አጸናው። በ1982 የዩ ኤስ ስቲል እቶኖች በፈንጂ ተደረመሱ። ከጥቁር ሰኞ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት በአካባቢው ከብረትና ከብረት ጋር ከተያያዘ ሥራ ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ እንደጠፋ ይገመታል።

ከዚያ ዘመን ትግል በሕግ ደረጃ የቀረ ነገር ቢኖር በ1988 የወጣው አዋጅ ነው። 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ፋብሪካ ሲዘጋ ከ60 ቀን በፊት እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። 60 ቀን። ሌላ ነገር የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንሂድ። ሥራውን ማን ወሰደው?

«ቻይና» ብላችሁ ለመመለስ የቸኮላችሁ ትንሽ ታገሱ። በ1977 ማኦ ከሞቱ ገና አንድ ዓመታቸው ነው፤ ቻይና ለአሜሪካ ገበያ ምንም ማለት አልነበረችም። ያን ጊዜ የሚፈራው ጃፓን ነበር። ጃፓኖች ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካዎቻቸውን ከዜሮ ሲሠሩ አዲሱን የኦክስጅን ማቅለጫ ዘዴ ተጠቀሙ። ያንግስታውን ውስጥ ግን በአያቶች ዘመን እቶን ነበር የሚቀለጠው። ለምን አልታደሰም? ሺት ኤንድ ቲዩብን በ1969 የገዛው ላይክስ የሚባል የኒው ኦርሊንስ የመርከብ ድርጅት ነው። ከራሱ የሚበልጥ ኩባንያ የገዛው በብድር ነበር፤ ፋብሪካው የሚያስገባው ገንዘብም ዕዳ ሲከፍል ከረመ። ለእድሳት የተረፈ አልነበረም። ስለዚህ ጃፓንን ብቻ መክሰስ አያዋጣም። የሚታለብ እንጂ የሚቀለብ ላም አልነበረም ፋብሪካው።

ከዚህ የሚበልጠው ምክንያት ግን ዝም ብሎ የሚሠራው ነው፤ ማሽን። ሁለት ኢኮኖሚስቶች የአሜሪካን ብረት ኢንዱስትሪ ከ1962 እስከ 2005 አጥንተው ያገኙት ነገር አለ። በእነዚያ ዓመታት ኢንዱስትሪው ከአራት ሠራተኞቹ ሦስቱን አጥቷል፤ ወደ 400 ሺህ ሰው። ለገበያ የቀረበው ብረት ግን በ2005 ልክ በ60ዎቹ መጀመሪያ የነበረውን ያህል ነበር። አንድ ጊዜ ደግማችሁ አንብቡት። ብረቱ የትም አልሄደም፤ ሠራተኛው ነው የሄደው። ትልቁን ድርሻ የወሰዱት ቁርጥራጭ ብረት ሰብስበው በኤሌክትሪክ የሚያቀልጡት አነስተኛ ፋብሪካዎች ናቸው። እዚያ አንድ ቶን ብረት ለማውጣት የሚፈጀው የሰው ጉልበት ከቀድሞው ጋር አይወዳደርም።

በአገር ደረጃም ሥዕሉ ይኸው ነው። የአሜሪካ የማኑፋክቸሪንግ ሠራተኛ ቁጥር ከፍተኛው ላይ የደረሰው በ1979 ነው፤ 19.5 ሚሊዮን። ዛሬ ወደ 12.7 ሚሊዮን ነው፤ ያውም የአገሪቱ ሕዝብ ከ100 ሚሊዮን በላይ ጨምሮ። ከጠቅላላው ሠራተኛ በ1950ዎቹ ሲሶ ያህሉ ፋብሪካ ውስጥ ነበር፤ አሁን ከመቶ ስምንት ገደማ ነው። የሚመረተው ዕቃ ግን ከ1979 በጣም ይበልጣል። (ጭማሪው አብዛኛው ከኮምፒውተርና ከቺፕ ዘርፍ የመጣ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ትክክል ናቸው። ቢሆንም የቀረው ዘርፍም ባነሰ ሰው ብዙ እያመረተ ነው።)

ቻይና የምትመጣው ቆይታ ነው፤ ስትመጣ ግን እንደ ጎርፍ ነው። በዲሴምበር 2001 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ሆነች። በ2000 ከ17 ሚሊዮን በላይ የነበረው የፋብሪካ ሠራተኛ በ2010 መጀመሪያ 11.5 ሚሊዮን ሆነ። በእርግጥ በመሃል የ2008ቱ ቀውስ አለ። ዴቪድ ኦተር፣ ዴቪድ ዶርንና ጎርደን ሃንሰን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ይህን «የቻይና ድንጋጤ» ብለው ነው የሚያጠኑት። ኦተር ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር በሠራው ጥናት እስከ 2011 ድረስ በቻይና ዕቃ ምክንያት የጠፋውን ሥራ ከ2 እስከ 2.4 ሚሊዮን አድርሶታል፤ ፋብሪካው ሲዘጋ አብሮት የሚዘጋው ምግብ ቤትና ጋራዥ ሁሉ ተቆጥሮ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ የገረማቸው ግን ሌላ ነበር። በኢኮኖሚክስ መጽሐፍ መሠረት ሥራ ሲጠፋ ሰው ተነስቶ ሥራ ወዳለበት ይሄዳል። አሜሪካ ደግሞ «የሚንቀሳቀስ ሕዝብ» አገር ናት ይባላል። ብዙው ሰው ግን አልሄደም። ለምን መሰላችሁ? አንደኛው ነገር ቤት ነው። ፋብሪካ ሲዘጋ የአንተ ቤት ብቻ አይደለም ለሽያጭ የሚወጣው፤ የጎረቤትህም ነው። ሁሉም ሻጭ ሲሆን ገዢ ከየት ይመጣል? ሃያ ዓመት የከፈልክበት ቤት ዋጋው ሲወርድ፣ ሸጠህ ብትሄድ በሌላ ከተማ ኪራይ አይሸፍንልህም። እናትህ እዚያው ናት። ልጅህን የምታቆይልህ እህትህ እዚያው ናት። የፋብሪካ ሥራ የጠፋባቸው ወረዳዎች ውስጥ የወጣት ወንዶች ገቢ ወረደ፤ ትዳርም ቀነሰ። አን ኬስና አንገስ ዲተን የተባሉት ተመራማሪዎች ዲግሪ በሌላቸው መካከለኛ ዕድሜ ላይ ባሉ ነጭ አሜሪካውያን ዘንድ ከአደንዛዥ መድኃኒት፣ ከመጠጥና ራስን ከማጥፋት የሚመጣ ሞት መጨመሩን አሳይተዋል፤ «የተስፋ መቁረጥ ሞት» ብለው ሰየሙት። ኦሃዮ በአደንዛዥ መድኃኒት ክፉኛ ከተመቱት ግዛቶች አንዷ ናት።

ያንግስታውንስ? ሥራ ይምጣልን ስትል በ90ዎቹ የመጣላት እስር ቤት ነው። በ1997 የግል እስር ቤት፣ በ1998 ደግሞ ከፍተኛ ጥበቃ ያለው የግዛቱ እስር ቤት ተከፈተ። በ2005 ከተማዋ ያልተለመደ ዕቅድ አወጣች፤ «አናድግም፣ ትንሽ ከተማ መሆናችንን ተቀብለን ባዶ ቤቶቹን እናፍርስ» የሚል መንፈስ ያለው። በ2020 ሲቆጠር ሕዝቧ 60 ሺህ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደኛ ልምጣ፤ ሰንሰለቱ እኛ ጋም ደርሶ ነበርና። አሜሪካ ውስጥ ልብስ የሚሰፋ ሠራተኛ በ1990 ከ900 ሺህ በላይ ነበር፤ ዛሬ 100 ሺህ አይሞላም። ስፌቱ ከደቡብ ግዛቶች ወደ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ፣ ወደ ቻይና፣ ወደ ባንግላዴሽ ሲዞር ቆይቶ ሐዋሳ ገባ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2016 ሲመረቅ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒ ቪ ኤች ዋናው ደንበኛ ነበር። በ2019 የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የመነሻ ደመወዙን በወር 26 ዶላር ገደማ ብሎታል። ኢትዮጵያ ከአጎዋ እንደምትወጣ ሲታወቅ ፒ ቪ ኤች በኖቬምበር 2021 ሐዋሳ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። እንግዲህ ልዩነቱን አስተውሉ፤ የያንግስታውኑ ሠራተኛ ሥራውን ሲያጣ የገዛው ቤት ነበረው። የሐዋሳዋ ልጅ ከወር ደመወዟ ላይ ለቤት ኪራይ ከሌሎች ጋር ተደባልና ነበር የምትኖረው።

ወደ አሜሪካ እንመለስ፤ ታሪፍ የሚባለው መድኃኒት ይሠራል ወይ? በጣም በደንብ የተጠናው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጉዳይ ነው። በ2018 መጀመሪያ የትራምፕ አስተዳደር ከውጭ በሚገባ ማጠቢያ ማሽን ላይ ከፍተኛ ታሪፍ ጣለ። ሳምሰንግና ኤልጂ ሳውዝ ካሮላይናና ቴነሲ ውስጥ ማምረት ጀመሩ። ስለዚህ ሥራ መጣ፤ ተመራማሪዎቹ 1,800 ያህል ብለው ገምተውታል። የማሽኑ ዋጋ ግን ወደ 12 በመቶ ጨመረ። የሚገርመው፣ ታሪፍ ያልተጣለበት ማድረቂያ ማሽንም አብሮ ተወደደ፤ ሰው ሁለቱን በጥንድ ስለሚገዛ ሻጮቹ አጋጣሚውን ተጠቀሙበት። (ነጋዴ የትም ነጋዴ ነው።) ሲደማመር ሸማቹ ለእያንዳንዷ አዲስ ሥራ በዓመት ከ815 ሺህ ዶላር በላይ ከፈለ። ብረት ላይ የተጣለው ታሪፍ ደግሞ ብረት አምራቹን ሲጠቅም ብረት ገዝቶ መኪናና ትራክተር የሚሠራውን ጎዳው፤ የፌዴራል ሪዘርቭ ኢኮኖሚስቶች ያኔ የተጣሉት ታሪፎች በድምሩ የፋብሪካ ሥራ እንደቀነሱ ጽፈዋል። በኤፕሪል 2025 ከዚያ በጣም የሰፋ ታሪፍ ታወጀ። በቀጣዮቹ ወራት የፋብሪካ ሠራተኛው ቁጥር ሲቀንስ እንጂ ሲጨምር አልታየም።

ይህን ስል ታሪፍ ደጋፊውን ሠራተኛ ሞኝ ነው ማለቴ አይደለም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ «በርካሽ ዕቃ ተጠቃሚ ነህ፣ አዲስ ሙያ ተማር» ሲባል የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን መጥቶ «ሥራህን አመጣልሃለሁ» የሚለውን ቢሰማ ምን ይገርማል? እሱ ያጣው ደመወዙን ብቻ አይደለም። የምሳ ጓደኛውን፣ ማኅበሩን፣ ለልጁ የሚያናግርለትን አለቃ ጭምር ነው ያጣው።

ከያንግስታውን በመኪና ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ስትሄዱ ሎርድስታውን አለች። ጄኔራል ሞተርስ በ1966 እዚያ ግዙፍ የመኪና መገጣጠሚያ ከፈተ። ብረቱ ሲሞት አካባቢውን ደግፎ የያዘው እሱ ነው፤ በደጉ ጊዜ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ይሠራበት ነበር። «ድሮ የፋብሪካ ሥራ ገነት ነበር» የሚል ካለ የ1972ቱን የሎርድስታውን አድማ ያንብብ። አብዛኞቹ አድመኞች በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩ ወጣቶች ናቸው። መስመሩ በሰዓት 100 መኪና ያሳልፍ ነበር፤ ለአንድ መኪና 36 ሴኮንድ ማለት ነው። ከደመወዝ በላይ ያሳመጻቸው ፍጥነቱና አሰልቺነቱ ነበር።

በጁላይ 2017 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ያንግስታውን መጥተው በሞላ አዳራሽ ንግግር አደረጉ። ሥራዎቹ ሁሉ ይመለሳሉ አሉ። ከከተማ አትውጡ፣ «ቤታችሁን አትሽጡ» አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። የሎርድስታውን ፋብሪካ ያን ጊዜ ከሦስት ሺፍት ወደ ሁለት ወርዶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት አንድ ሺፍት ብቻ ቀረው። ማርች 6 ቀን 2019 የመጨረሻዋ ሼቭሮሌት ክሩዝ ከመስመሩ ወጣች። ብዙዎቹ ሠራተኞች ጡረታቸውን ላለማጣት ቴነሲና ሌሎች ግዛቶች ወዳሉት የኩባንያው ፋብሪካዎች ተዛወሩ፤ ቤተሰቡን እዚያው ትቶ በየሳምንቱ መጨረሻ መንገድ የሚመላለስ ነበር። ስለ ቤት የተሰጠውን ምክር የሰማ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ምን እንደጠበቀው አስቡት።

ሕንጻውን ሎርድስታውን ሞተርስ የሚባል አዲስ ድርጅት ገዛው፤ ኤሌክትሪክ ፒክአፕ ሊሠራ። መኪናው በ2020 ዋይት ሀውስ ግቢ ቆሞ ፎቶ ተነሣ። በጁን 2023 ድርጅቱ ኪሳራ አወጀ። ሕንጻውን ቀደም ብሎ የታይዋኑ ፎክስኮን ገዝቶት ነበር፤ አይፎን የሚገጣጥመው ማለት ነው።

ጥሩ ዜና የመጣው ከአጠገቡ ነው። ጄኔራል ሞተርስና ኤልጂ በጋራ ያቋቋሙት አልቲየም የተባለ የባትሪ ፋብሪካ በ2022 ሥራ ጀመረ። የመነሻ ክፍያው በሰዓት 16.50 ዶላር ነበር፤ የድሮው የመኪና ሠራተኛ ከሚያገኘው በጣም ያነሰ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሠራተኞቹ ወደ መኪና ሠራተኞች ማኅበር እንግባ ወይስ አንግባ ብለው ድምፅ ሰጡ። 710 ለ16። በኋላ በድርድር ደመወዙ በደንብ አደገ። ሥራው እንዲህ ያለ ደመወዝ የሚከፍል የሆነው በፋብሪካነቱ ብቻ አልነበረም፤ ተደራጅተው ስለጠየቁ ነው። ይህን ታሪፍ የሚያወራው ሰውም፣ ስለ ሮቦት የሚያወራው ሰውም ሲዘለው ነው የማየው።

በ2025 መጨረሻ የኤሌክትሪክ መኪና ገበያ ሲቀዘቅዝ ጄኔራል ሞተርስ ከዚሁ የባትሪ ፋብሪካ ሠራተኛ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ፎክስኮን ደግሞ በዚያው ዓመት ትልቁን የመገጣጠሚያ ሕንጻ በ375 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ገዢው የጃፓኑ ሶፍትባንክ መሆኑ በኋላ ተሰማ። ክሩዝ ይገጣጠምበት የነበረው ቦታ፣ ስፋቱ ከ570 ሺህ ካሬ ሜትር የሚበልጠው ሕንጻ፣ አሁን የታሰበው ለኤአይ ዳታ ሴንተሮች የሚሆን ዕቃ እንዲመረትበት ነው።